ካሊና ያለቀሰችበት ቀን

ዉጅ ከተማ፣ የካቲት

ውድ ወንድሜ ቪቶልድ፣

ከኖርዌይ ለልጅህ ለካሊና የላክኸው ጃኬት ደርሶናል፤ ትንሽ ሰፍቷታል፣ ታድግበታለች። የምጽፍልህ ግን ለዚያ አይደለም። ስለ ፊልሙ በጠየቅኸኝ ቁጥር «ጥሩ ነው» ብዬ የማልፈው ካሊና አጠገቤ ስለምትሆን ነው። አሁን ትምህርት ቤት ናት፤ እንደሆነው ልንገርህ።

እኔ ትራም ነጂ ነኝ፤ ስለ ትወና የማውቀው ነገር የለም። እናቷን ቀብረን አንተም ለሥራ ከሄድክ በኋላ ልጅቷ ቤት ውስጥ መናገር ትታ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ቲያትር ወደሚያስተምሩበት የባህል ማዕከል የላክኋት ከሰው እንድትውል ብዬ ነው። እዚያ ተናገረች። የሌላ ሰው ቃል ሲሰጧት አፏ ይፈታል። አስተማሪዋ «ይቺን ልጅ ለፊልም አስፈትኛት» ስትለኝ ሳቅሁ። ካሊና አልሳቀችም።

መጀመሪያ ሁለት ቦታ ወደቀች። የእርጎ ማስታወቂያ የሚሠሩት ጥርሷን አይተው መለሷት።

«አክስቴ፣ ጥርሴ ምን ሆነ?» አለችኝ ስንመለስ።

«ምንም። እርጎ በጥርስ የሚበላ የመሰላቸው እነሱ ናቸው።»

ሦስተኛው የአዘጋጇ የወይዘሮ ኢሬና ፊልም ነበር። ፈተናው የማይመጣ ሰው መጠበቅ ነው። ሌሎቹ ልጆች ተንጎራደዱ፣ አንገታቸውን አሰገጉ። ካሊና ቆመች፤ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ አላፊ አግዳሚውን እንደሚያሳልፍ ሰው አንዳንዴ ወደ ጎን ፈቀቅ ትላለች። እሷን መረጧት። የሐኪም ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ፈቃድ፣ ከዚያ ያንተ ፊርማ። «እናቷ ብትኖር ትፈቅድ ነበር?» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? «እናቷ ብትኖር አንተን ማን ይጠይቅህ ነበር» አልኩህ፤ ፈረምክ።

ታሪኩን ሳነበው ግን ደነገጥሁ። ልጅቷ ከሆስፒታል የምትመለስ እናቷን ልትቀበል ባቡር ጣቢያ ትሄዳለች፤ እናትየዋ ከባቡሩ አትወርድም። «ትችይዋለሽ?» አልኳት። «የሌላ ልጅ ታሪክ እኮ ነው» አለችኝ።

የዚህ ትዕይንት ቀረጻ ከከተማው ወጣ ባለ አሮጌ ጣቢያ ነበር። በረዶ ይጥላል። ባቡሩ እየተመላለሰ ይቆማል፣ ሰዎቹ ይወርዳሉ፣ ካሊና ታያለች፤ አታለቅስም። ከሰዓት በኋላ ሴባስትያን የሚባለው ረዳት አዘጋጅ መጣ፤ ገና ጎረምሳ ነው።

«ወይዘሮ ዳኑታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። እናቷ እንዳረፈች ሰምተናል። ጠጋ ብለው ስለ ቀብሩ ትንሽ ቢያነሱባት…»

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«አዎ፣ አለች።»

«እግዜር ያቆይልህ። በል የራስህን እናት ግደልና አንተው አልቅስ።»

ፊቱ ቀላ። ወይዘሮ ኢሬና ራሷ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደክሟታል። «ብርሃኑ እየሸሸን ነው» አለችኝ። «ዛሬ ካላለቀሰች ሌላ ልጅ መፈለጌ ነው።»

«ፈልጊ» አልኳትና ቦርሳዬን አነሳሁ። ይህን ያህል የደከምንበትን ነገር በአንድ ቃል ጣልኩት፤ አልቆጨኝም።

ለካ ካሊና ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«አክስቴ፣ ቁጭ በይ» አለች። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞራ፣ «እኔን ለምን አትጠይቁኝም? ልጅቷ ቀጣዩ ባቡር አለ ብላ የምታስብ መስሎኝ ነው ያላለቀስኩት። ታልቅስ ካላችሁ ታለቅሳለች። በየትኛው ዓይን ነው?»

ወይዘሮ ኢሬና፣ «ካሜራው በግራሽ ነው» አለች።

«እሺ።»

ባቡሩ ገባ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ በሩ ተዘጋ። በግራ ዓይኗ አለቀሰች። ድምፅ የሚቀርጸው ሰውዬ ፊቱን አዞረ። «በቃ!» ሲባል ሁሉም አጨበጨበ። ካሊና ፊቷን ጠርጋ፣ «ከቤት ያመጣነው የቀይ ሥር ሾርባ በርዷል?» ብላ ጠየቀች። እኔ አላጨበጨብኩም። እጄ እምቢ አለኝ።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ምን አስበሽ ነው ያለቀስሽው?» አልኳት።

«ምንም። ዓይኔን ሳላርገበግብ አቆየሁት፣ ከዚያ ትንፋሼን ቆራረጥኩት። መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ።»

«ለፊልሙ ብለሽ?»

«አይ። አባዬ ሲደውል እንዳላለቅስ ብዬ ነው የጀመርኩት። መጀመሪያ የለመድኩት አለማልቀሱን ነው። ማልቀሱ እሱኑ መገልበጥ ነው፤ በጣም ይቀላል።»

ከዚያ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ተኛች።

አሁን ለአንድ ተከታታይ ድራማ ይፈልጓታል። እኔ አልከለክላትም፤ አንተም ባትከለክላት ደግ ነው። ሥራው የሷ ነው፤ ከማንም በፊት የገባው ለሷ ነው፣ ደስ ብሏትም ትሠራዋለች። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። እሑድ እሑድ ስትደውል፣ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ሥራህን ሥራ፣ አታስብ» ትልሃለች። አንተም ታምናታለህ። አልፈርድብህም፤ እኔም ምድጃው አጠገብ ቆሜ ስሰማት አምናት ነበር።

ፊልሙ ለፋሲካ ይታያል ብለዋል። አንተ ግን እስከዚያ አትጠብቅ። ና። ስትመጣም ቀድመህ አትደውልላት፤ ለመዘጋጀት ጊዜ አትስጣት።

እህትህ ዳኑታ