በመስኮታችን ላይ ስለተዉት ብርጭቆ

ለክቡር የከርሰ ምድር ውሃ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልተጠጣ አንድ ብርጭቆ ውሃን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ሆድዎ፣ እንደምን ከርሟል? እኛ ጥቂት ከሚቆርጠን በቀር ደህና ነን። እኔ ከጋዝ መቆፈሪያው ማማ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ከቤቴ ፊት ለፊት በቀጠልኳት አንዲት ክፍል ውስጥ ጸጉር የማስተካክል ሰው ነኝ። የጓሯችንን የውሃ ጉድጓድ ሊጎበኙ ከፎቶ አንሺዎ ጋር በመጡ ጊዜ ነጭ ጋዋን ለብሼ በር ላይ እጅ የነሣሁዎ እኔ ነበርኩ። ሐኪም መስዬዎት ሳይሆን አይቀርም፣ ፈጠን ብለው ነበር ያለፉኝ።

ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማስቀመጤ ለመዝገብ ቤትዎ ሠራተኞች ሥራ እንዲቀል በማሰብ ነው።

፩ኛ. ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ የጉድጓዳችን ውሃ ነዳጅ ማደያ፣ ነዳጅ ማደያ ስለሚሸት እኔ ቅባት የሚባል ነገር ከመደርደሪያዬ አንሥቻለሁ። ደንበኞቼ ጸጉራቸውን ታጥበው ሲነሡ እንዲሁ ያብለጨልጫሉ። ሲጋራ የሚያጨሰውን ደንበኛዬን ብቻ ጸጉሩ እስኪደርቅ ድረስ ክብሪት እንዳይጭር በትሕትና እለምነዋለሁ፤ እሱም ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ማጨሱን ሊተው ምንም አልቀረውም። ጽሕፈት ቤትዎ ከውሃ አልፎ ሳንባ መጠበቅ መጀመሩን በዚህ አጋጣሚ ላበሥርዎ እወዳለሁ።

፪ኛ. ያሳተሙልን ብሮሹር እጅግ ያማረ ነው። የጋዙ ጉድጓድ የምንጠጣውን ውሃ አቋርጦ ሲወርድ በብረት ቧንቧ እንደሚለበጥ፣ በቧንቧውና በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶ እንደሚሞላ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ጭቃና ኬሚካል የሚጠራቀምበት ገንዳም ወፍራም ፕላስቲክ እንደሚነጠፍበት በሥዕል ጭምር ያስረዳል። በሥዕሉ ላይ ያለው ውሃ ሰማያዊ ነው፤ አንዲት ላምም ከዳር ቆማ ፈገግ ብላለች። ቅር ያለን ነገር ቢኖር ብሮሹሩ ለእኛ ሲታደል ለቆፋሪዎቹ አለመድረሱ ነው። ገንዳው ላይ ሊነጠፍ የመጣው ፕላስቲክ ዛሬ የቁፋሮው ካምፕ ዘበኞች ጎጆ ጣሪያ ሆኗል። በዝናብ ጊዜ ዘበኞቹ አንዲት ጠብታ አትነካቸውም፤ የገንዳው ጭቃ ግን ቁልቁል ወደ እኛ ይሰርጋል።

ሲሚንቶውስ በእርግጥ እስከ ላይ ሞልቷል ወይ ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ብጠይቅ፣ ባለሙያዎ መነጽራቸውን አውልቀው ከመሬት በታች ያለ ነገር እንዴት ይታያል ሲሉ መለሱልኝ። እኔም መልሱ ልክ መስሎኝ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የጽሕፈት ቤቱን ስም ታፔላው ላይ እንደገና ያነበብኩት።

፫ኛ. የውሃ ቦቴ የሚነዳው የእህቴ ባል በየማለዳው በደጃችን ሲያልፍ ጥሩምባ እየነፋ ሰላም ይለናል። ውሃውን ከሩቅ ከተማ ቀድቶ የሚወስደው ለቁፋሮው ካምፕ ወጥ ቤት ነው። የአካባቢው ውሃ ንጹሕ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ አለቆቹን ቢጠይቃቸው፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው አሉት። ጥንቃቄ መልካም ነገር ነው፤ እኛም በበኩላችን አንጠላውም። ቦቴው ከጥሩምባው ሌላ አንድ ሁለት ባልዲ ቢያወርድልን ብለን አስበን ነበር፣ ግን ለካምፑ የተመደበን ጥንቃቄ ለሌላ ማካፈል እንደማይፈቀድ ተነግሮናል።

፬ኛ. ለዚህኛው ቁጥር መስጠቴ ራሱ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

በጉብኝትዎ ዕለት እናቴ ለእንግዳ ብቻ የምታወጣውን፣ አፉ ላይ ወርቃማ ክር ያለውን ብርጭቆ ከቁም ሣጥን አውጥታ ከጉድጓዱ ቀድታ ሰጠችዎ። እርስዎም ተቀብለው ወደ ከንፈርዎ አስጠጉት፤ ፎቶ አንሺው አነሣ። አንድ ጊዜ ደግሞ ይበሉልኝ ቢልዎ ደገሙለት። ከዚያም ስልክዎን ከኪስዎ አወጡ፣ ሳይጮህ «ሃሎ» አሉት፣ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ወደ መኪናዎ ሄዱ። ከንፈርዎ ረጥቦ እንደሆነ ጺምዎ ያውቃል። እኔ ያየሁት ግን ብርጭቆው እንደተቀዳ ሙሉ መሆኑን ነው።

ፎቶው በጽሕፈት ቤትዎ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። እናቴ ቆርጣ ከእንስራዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጉድጓዳችን በቀር ሌላ ውሃ አፏ አይገባም። በጀሪካን ንጹሕ ውሃ እየተሸከምኩ ባመጣላት ቤት ትወለውልበታለች። ክቡር ሆይ፣ በቤታችን ወለሉ ንጹሕ ውሃ ይጠጣል፣ እናቴ ደግሞ የጋዙን።

ብርጭቆው እኮ አልተነካም ብላት፣ ጨዋ ሰው ብርጭቆ አይገለብጥም፣ ቀመስ አድርጎ ይተወዋል አለችኝ። ሆዷን ይዛ ስትጎነበስ አይቼ ብቆጣ ዕድሜ ነው ትለኛለች፤ ማማው ከመቆሙ በፊት ግን ያው ዕድሜ ነበራት፣ አንድ ቀን እንኳ አልጎነበሰችም። አብዝቼ ስጨቀጭቃት ያለችኝን እንዳለ ልጻፍልዎ፦ «እኒያን የመሰሉ ሰው ያልተጠየፉትን ውሃ እኔ ማን ነኝና እጠየፈዋለሁ?»

እንግዲህ እኔ ልጇ ነኝ፤ ነገር ታበዛለህ ተብዬ ያደግሁ ስለሆነ ቃሌ አይሰማም። የሚሰማው የእርስዎ ነው። የምለምንዎ ሲሚንቶውን በጥፍርዎ ቆፍረው እንዲያዩ አይደለም፤ ፕላስቲኩን ከዘበኞቹ አናት ላይ እንዲገፍፉም አይደለም፤ ይህ ሁሉ የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ ስለሆነ እንደማይመችዎ እረዳለሁ። አንድ ቀን ብቻ ያለ ፎቶ አንሺ ብቅ ብለው «እማማ፣ እኔ አልጠጣሁትም፤ እርስዎም አይጠጡት» ይበሉልኝ። እፈራለሁ፤ ከዘገዩብኝ የሚነግሩት ሰው እንዳያጡ እፈራለሁ።

ለሚያደርጉልኝ ትብብር ከወዲሁ ወለል እስኪነካ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ፤ ወለሉ እንደነገርኩዎ ንጹሕ ነው።

የክብርዎ አድናቂ፣ የጉድጓድዎ ጎረቤት፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለቁፋሮ ድርጅቱ (ከብሮሹሩ ጋር)
ለካምፑ ዘበኞች (ጣሪያውን ይመለከታል)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። እንግዳዋን በመዝለፌ በጣም አዝናብኛለች። ብርጭቆዎን በሳህን ከድና ዛሬም እዚያው መስኮቱ ላይ አስቀምጣልዎታለች፤ ሳህኑ ባይኖርም ዝንብ ስለማይቀርበው አይሥጉ። በእሷ ስም ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ የሚከተለውን ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድጽፍ አዛኛለች፦ «መጥተው የጀመሩትን ይጨርሱ። እናታቸውም በሕይወት ካሉ ይዘዋቸው ይምጡ፤ ከዚሁ ጉድጓድ በእጄ ቀድቼ አጠጣቸዋለሁ።»