የመኝታ ዳዶን ያቋቋሙት የሲስተር ፈትለወርቅ ወልደ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ፈትለወርቅ ወልደ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ማርያም ጸጋአብ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሃይማኖት ተስፋሚካኤል፣ ዛሬ የሃሉ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በኡካ ከተማ፣ ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው በአራት ዓመታቸው ስላረፉባቸው እኔ፣ የእናታቸው እናት ወ/ሮ ጥሩ፣ ወደ መቱ አምጥቼ አሳደግኳቸው። ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ልጄን አንቱ ማለት ለአፌ ይከብደዋል፤ ነገር ግን የሕይወት ታሪክ በወጉ ይጻፋልና በወጉ ጽፌዋለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ የተሳሳተ ቢገኝ አንባቢው እያረመ ያንብብልኝ።

ጠያቂ ልጅ ነበሩ። ከመንገድ ይዤያቸው ስሄድ ከአፋቸው ምን ይወጣ ይሆን እያልኩ ስሰጋ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን በመቱ ገበያ አንድ እግራቸው የተቆረጠ ጫማ ሰፊ ፊት ቆመው፣ "ጋሼ፣ አዲስ ጫማ ሲገዙ አንዱን ምን ያደርጉታል?" አሉ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውየው ግን ሳቁና፣ "ጓደኛ አለኝ፤ የእሱ የቀረው ግራው ነው። ተካፍለን እንገዛለን" አሏቸው። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ያ ጓደኛቸው የት እንደሚኖር፣ የእግራቸው ልክ እኩል ይሁን አይሁን ሲጠይቁኝ ሰነበቱ። እኔ ምን አውቄ!

በ1987 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ገቡ። ትምህርቱ በኦሮምኛ፣ የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ስለነበር ወደ ኋላ ይቀሩብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን በሁለቱም እኩል የሚቀልዱ ሆኑ። የአሥረኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፈው መቱ ላይ ነርስነት ተማሩ፤ በ2000 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቀው በያዮ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ ጫካ ነው፣ ብቻሽን ነሽ ብዬ ብለምናቸውም አልሰሙኝም። አራት ዓመት አገለገሉ።

በ2003 ዓ.ም. የጭነት መኪና ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ቢኒያም ወልደ የሱስ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው በ2005 ዓ.ም. ልጃቸውን በምነትን ወለዱ። ኑሯቸውንም መቱ አደረጉ።

በጥቅምት 2007 ዓ.ም. አቶ ቢኒያም ቡና ጭነው ከያዮ ሲመለሱ መኪናው ተገልብጦ አከርካሪያቸው ተጎዳ፤ ከወገብ በታች መንቀሳቀስ አቆሙ። ሲስተር ፈትለወርቅ ባለቤታቸውን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አስታመሙ። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ፤ በዚያ ላይ ሕፃን ልጅ፣ በዚያ ላይ ሥራ። ጠያቂ አልጠፋም፤ እንዲያውም ቤቱ ከሰው አይጎድልም ነበር። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ የቀረበለትን ቀምሶ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ይሄዳል። እኔም ራሴ ከዚያ የተሻለ ምን መደረግ እንዳለበት አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከያዮ የሚያውቋቸው ቡና ገበሬዋ አዴ ዋሪቱ ሊጠይቁ መጡ። አዴ ዋሪቱ አፋቸው ስለት ነው። ቤቱን የሞላውን ሰው አንድ ጊዜ ቃኝተው፣ "ይሄ ሁሉ እጅ እኛ ዘንድ ቢሆን ይኼኔ የአንድ ሰው ቡና ተለቅሞ አልቋል። እዚህ ግን ቆሎ ይለቅማል!" አሉ። ሰው ሳቀ። ሲስተር ፈትለወርቅ ግን አልሳቁም፤ "አዴ፣ ዳዶ ለሰው አይሆንም እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

ለማያውቅ፣ ዳዶ ማለት ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን በተራ አብረው የሚሠሩበት ወግ ነው። ለበሽተኛ ሲባል ሰምተን አናውቅም ነበር። አዴ ዋሪቱም ቆሎውን ከእጃቸው መልሰው፣ "ለቡና የሆነ ለሰው ምን ያንሰዋል? ና፣ ልጄ፣ ወዴት ልገልብጥህ?" ብለው ወደ አቶ ቢኒያም አልጋ ሄዱ።

አቶ ቢኒያም በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አረፉ። ሐዘናቸው ሳይወጣ፣ እኔ ለጥቂት ጊዜ ያርፋሉ ብዬ ስጠብቅ፣ በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው፣ የሙያ ፈቃድ አውጥተው ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች አንድ ክፍል የቁስል ሕክምናና የቤት ለቤት እንክብካቤ ጀመሩ። ከዚያው ጎን ለጎን የአልጋ ቁራኛ ያለባቸውን ቤተሰቦች አሰባስበው "የመኝታ ዳዶ" ያሉትን አቋቋሙ። ሰኞ የእከሌን እናት፣ ማክሰኞ የእከሊትን ባል በተራ ያስታምማሉ፤ አስታማሚዋም በዚያ ቀን ገበያ ትውጣ፣ ትተኛ፣ የራሷ ጉዳይ ነው። መቼም ቋሚ ደመወዝ ተትቶ እንዲህ ያለ ነገር ይጀመራል? አልኳቸውም፤ ብዙ ጊዜ አልኳቸው።

በአራተኛው ወር ዳዶው ሊፈርስ ደረሰ። ምክንያቱ ስንፍና ነው ብዬ ነበር፤ አልነበረም። ዳዶ የሚጠራ ሰው ዳዶ መመለስ አለበት። ጤነኛ እጅ ያልተረፈበት ቤት በሐፍረት እየቀረ ሄደ። ግራ ጎናቸውን ስትሮክ የመታቸው ኦቦ አራርሳ፣ ባለቤታቸውም ዓይነ ስውር ናቸው፣ ሊያጥቧቸው የሄዱትን ሴቶች፣ "የማልመልሰውን ዳዶ አልበላም" ብለው ከበር መለሷቸው። ብድር ሳይመልስ ከመኖር ቆሽሾ መሞት የሚመርጥ ሰው አገራችን ስንት አለ!

ሲስተር ፈትለወርቅ ራሳቸው ሄዱ። መድኃኒት አልያዙም። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ "ኦቦ አራርሳ፣ ያልታመመው የቱ ነው?" ብለው ጠየቋቸው። እኔ ይህን ስሰማ ገረመኝ፤ በሽተኛ የታመመበት እንጂ ያልታመመበት ሲጠየቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ኦቦ አራርሳ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቀኝ እጃቸው ደህና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዳዶው ቤተሰቦች ማመልከቻ መጻፍ ተራቸው ሆነ። እኔ ግን "ምነው ልጄ፣ በሽተኛ ታሠሪያለሽ? ሰው ምን ይላል?" ብዬ ተቆጣሁ። "እማማ፣ ዛሬ ስሄድ ጢማቸውን ተላጭተው ነው የጠበቁኝ" ብቻ አሉኝ።

በዚህ ዓይነት ዳዶው አርባ ሦስት ቤት ደረሰ፤ ከመቱ አልፎ ያዮና ኡካም ገባ። አንዷ ተኝታ ቡና ትለቅማለች፣ አንዱ የጎረቤት ልጅ ያስጠናል፣ መናገር ያቃታቸው አንድ አባት የሌላዋን ሕፃን ደረታቸው ላይ ያስተኛሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ነው። ባለ ሱቋ ኢክላስ የአልጋ ቁራኛ እናቷን ለዳዶ ሰጥታ ረቡዕ ረቡዕ ሱቋን እየዘጋች ኦቦ አራርሳ ዘንድ ትውላለች፤ አዴ ዋሪቱም ለገበያ ሲመጡ ያግዟታል።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሲስተር ፈትለወርቅ የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። ጅማ እየተመላለሱ ታከሙ። መድኃኒቱ ፀጉራቸውን ጨርሶ፣ ጉልበታቸውን ጨርሶ፣ ስልኩ ግን መጥራት አላቆመም። እኔ ደግሞ ልጄን ሰው በልቶ ይጨርስብኛል ብዬ ስልኩን ደበቅሁ። ከኡካ አንድ ሰው እናቱ ቆስለውበት ድረስ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ፣ "የለችም፣ ጅማ ናት" አልኩት። ከመጋረጃው ጀርባ፣ "አለሁ! እዚሁ አለሁ! እማማ ናቸው ለጊዜው የጠፉት!" የሚል ድምፅ መጣ። ሰውየው ወደ እኔ አላየም፤ ጨዋ ነበር። እሳቸው ተኝተው ቁስሉ እንዴት እንደሚታጠብ አስረዱት፤ በማግስቱም የኡካ ተረኞች እናቱ ዘንድ ገቡ። ስልኩን መለስኩ። ፍርሃቴን ግን አልመለስኩም፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሽታው አጥንት ገብቶ ጨርሰው አልጋ ያዙ። ዳዶው ተራ አወጣላቸው፤ አልቀበልም አሉ። "የምመልሰውን ሳላገኝ አይሆንም" ብለው ሦስት ቀን ለእኔ ብቻ ታዘዙ፤ እኔ ደግሞ የሰባ ሰባት ዓመት አሮጊት ምን ጉልበት አለኝ? በአራተኛው ቀን አዲስ የገቡትን ሴቶች አስጠርተው፣ "ተማሩብኝ" አሉ። ሌላው ሕመምተኛ ሲያመው ይችለዋል፣ ያፍራል፤ እሳቸው ይናገራሉ። "ከብብቴ አይደለም፣ ከዳሌዬ ያዢ። አሁን አመመኝ። አሁን አላመመኝም። እንደገና።" ኢክላስን፣ "ሴትዮ፣ የስኳር ኬሻ መሰልኩሽ እንዴ?" ሲሏት አልጋውን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች፤ "እንደገና" አሏት። ልጄን መለማመጃ አደረጓት ብዬ ጓዳ ገብቼ አኮረፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እኔንም ጠርተው አንሶላ አሳሳቡን አስተማሩኝ። አሥራ ዘጠኝ ሴቶችና ስድስት ወንዶች ማገላበጥን በእሳቸው ጀርባ ተምረዋል። ያን ያህል ሕመም ላይ ሆነው እንዴት ማስተማር እንደቻሉ እኔ እስካሁን አልገባኝም፤ የገባው ካለ ይንገረኝ።

ሲስተር ፈትለወርቅ ትናንት ረቡዕ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በተወለዱ በ36 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። መርዶው ወዲያው ተሰማ፤ ሰፈሩ በሙሉ ደረሰ። ኢክላስና አዴ ዋሪቱ ግን የመጡት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው። ለእንዲህ ያለ ለቅሶ የቅርብ ሰው አምስት ሰዓት ሙሉ ሲቀር ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔም ብያለሁ። አዴ ዋሪቱ እግሬ ላይ ወድቀው፣ "እትዬ፣ አራርሳን አጥበን፣ አብልተን፣ ገልብጠን ነው የመጣነው። ጥለን ብንመጣ እሷ ራሷ ከዚህ ተነስታ ታባርረን ነበር" አሉ። ሲስተር ፈትለወርቅ ከሞቱ ዳዶውም ያው አብሮ ይቀበራል ብዬ ነበር የማስበው። አዴ ዋሪቱን ከእግሬ ላይ አነሳኋቸው።

ሲስተር ፈትለወርቅ የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። ልጃቸው በምነት ቢኒያም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለእሷ እኔ አለሁ፣ ዕድሜ ይስጠኝ በሉኝ።

ዛሬ ኀሙስ ተራ ያላችሁ አራት ቤቶች እዚህ መቆማችሁን አይቻለሁ። ግብዓተ መሬቱ እስኪፈጸም አትጠብቁ፤ ማንም አያማችሁም፣ የሚያማም ቢኖር ከእኔ ጋር ይነጋገር። ሰዓቱ ደርሷል፣ ሂዱ። እኛ የቀረነው አፈር እናለብሳቸዋለን። የሰውን ጎን ሲያሳርፉ ለኖሩት ልጃችን አምላክ ለነፍሳቸው የማይቆረቁር ማረፊያ ይስጥልን። አሜን።