ጉና ላይ ስፈልግህ የዋልኩ ዕለት

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ውድ ቢሆነኝ፣

እንደምን ከርመሃል? እንደ ደንቡ «እኔ ደህና ነኝ» ልል ነበር፤ ግን ውሸት እግዜርም አይወደው። ቅናት አንጀቴን እየበላው ነው።

የበግ እርባታ ተምረህ እንድትመጣ መሥሪያ ቤትህ ስፔን ከላከህ ስምንት ወር ሆነህ። አምስት ደብዳቤ ጻፍክልኝ፤ አምስቱም ቪያኖራ ስለምትላት የተራራ መንደር ናቸው። ቤቶቿ የድንጋይ፣ ገብሷ እስከ ገደሉ አፋፍ፣ ጭጋጓ ረፋድ ላይ የሚገለጥ፣ ወጣቱ ሁሉ ከተማ ገብቶ ሽማግሌና አሮጊት ብቻ የቀሩባት። የቤተ ክርስቲያናቸው ክብረ በዓል እንኳ የእኛው ደብረ ታቦር ነው፣ በነሐሴ እሳት አንድደው ይጨፍራሉ አልክ። ኧረ በለው! በዓላችንንም ሰጠሃቸው? ለእኔ የደረሰችኝ «ለጤናሽ እንዴት ነሽ» የምትለዋ ብቻ ናት። ሰው በጣውንት ይቀናል፤ እኔ በመንደር ቀናሁ።

ከዚያ ደግሞ ፎቶግራፉ መጣ። አንተ ከድንጋይ አጥር አጠገብ ቆመህ ትስቃለህ፤ ከጎንህ ቤት ያከራየችህ ፒላር አለች። አሮጊት ብቻ ነው የቀረው ስትለኝ አልነበር? የሴትዮዋ ጥርስ ሙሉ ነው! እሱንስ ልለፈው። ትከሻዋ ላይ ያለው ግን የእኔ ባና ነው። የበጉን ጠጉር ጣቴ እስኪላጥ ክረምቱን ሙሉ ፈትዬ፣ አሸምኜ፣ ብርድ እንዳይነካህ ያስያዝኩህ ባና!

አብረውኝ ላሉት እናትህ፣ ለእማማ ደሳለች አሳየኋቸው። ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና፣ «ምን ስፔን ትይኛለሽ? ይሄማ ጉና ነው። አጥሩም የእኛ አጥር ነው። ልጄ የጦር ዘመቻውን ፈርቶ እዚሁ ተደብቋል» አሉ።

«ቴምብሩ እኮ የውጭ ነው፣ እማማ።»

«ተይ እባክሽ፣ ቴምብር ከየትም ይገኛል። ይልቅ ይቺ ሴት ማናት?»

አሁን የምነግርህን አንብበህ እንዳትስቅብኝ። ቅናት ዓይን የለውም፤ በነጋታው በቅሎ ለምኜ ጉና ወጣሁ። አዎ፣ አንተንና ያቺን ሴትዮ ፍለጋ! የድንጋይ አጥር ባየሁ ቁጥር ከበቅሎዋ ወርጄ ከኋላው አያለሁ። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች አግኝቼ «ቢሆነኝን አይታችሁታል?» ብል፣ አጎትህ አቶ ሞላ ማጭዳቸውን ጥለው፣ «ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? እሱ ባሕር ማዶ አይደል?» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሟቹ አባትህ ባዶ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ ተገለጠና ገብሱ እስከ አፋፉ ታየ። ለካ ቪያኖራ ቪያኖራ ስትል የኖርከው ይህንኑ ነው። ስንጋባ «ጉና እንውጣ፣ የአባቴ ቤት ባዶውን ነው» ብለኸኝ ነበር። «ብርዱን አልችልም፣ ከተማ ካልሆነ ይቅርብኝ» ያልኩህ እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሳህብኝም። ያቺ መንደር የሰጠችህን የከለከልኩህ እኔ ነበርኩ። ይህን ማወቄ ቅናቴን አበረደው እንዳትል፤ እንዲያውም ባሰብኝ።

አሁን ደግሞ ፎቶግራፉ ጀርባ ላይ «አንድ ዓመት ጨምር ተብያለሁ፤ ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ፣ ና ካልሽኝ እመጣለሁ» ብለህ ፍርዱን በእኔ ላይ ጣልከው። ቆይም ናም አልልህም። አጎትህ የአባትህን ቤት ሣር እያስከደኑልኝ ነው፤ ለገና እንገባለን። እማማ ከአሁኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ብርዱ እንደምታውቀው አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ደግሞ የምደርበው የለኝም።

ስለዚህ ባናዬን እፈልጋለሁ። ከሴትዮዋ ትከሻ ላይ አውርደው። በፖስታ ግን እንዳትልከው፤ ራስህ ለብሰኸው ና።

ብርዱን ልትለምድ የተነሳችው፣
ሙሉሐብት