ራስዎን ስለነቀነቁልን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የአየር መንገዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ በተለይም አንገትዎ። ስለ አንገትዎ ለይቼ የምጠይቅበትን ምክንያት ዝቅ ብዬ ስለማስረዳ ለጊዜው ደህና እንደሆነ ተስፋ አድርጌ ልለፈው። እኛ አብራሪዎችዎ ደህና ነን፤ ቢያንስ በሕክምና ምርመራችን ላይ እንደዚያ ተጽፏል።

ይህን የምጽፍልዎ በዚህ ድርጅት ወንበር ላይ ፀጉሬን ያሸበትኩ፣ ወጣቶቹ «ጋሼ» የሚሉኝ፣ ጡረታዬ ደጅ ላይ የቆመ ዋና አብራሪ ነኝ። በድርድሩ ላይ የአብራሪዎች ማኅበርን ወክለው ከተቀመጡት አንዱ ነበርኩ፤ ካላስታወሱኝ በሩ አጠገብ፣ እግሩ በሚወላገደው ወንበር ላይ የነበርኩት ነኝ። በአካል ቀርቤ እንዳልነግርዎ ጸሐፊዎ በሄድኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ በትሕትና ስለነገሩኝና የስብሰባው ርዕስም የሠራተኛውን ድምፅ ስለማዳመጥ መሆኑን ስላከሉልኝ፣ ላለማቋረጥ ስል በአደባባይ መጻፉን መረጥኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልበል። መንገደኛው ቀነሰ፣ ነዳጁ ተወደደ፣ እርስዎም ከሁሉ ኋላ የተቀጠሩትን አሥራ ዘጠኝ ረዳት አብራሪዎች እንደሚቀንሱ ነገሩን። እኛ አንጋፋዎቹ ተሰብስበን፣ ተጨቃጭቀን፣ ከየቤታችንም ተጣልተን፣ ደመወዛችን ይቀነስ፣ የዓመት ዕረፍታችን ይቅር፣ ልጆቹ ግን ከወንበራቸው አይነሱ አልን። እርስዎ የተውነውን ሁሉ ተቀበሉ። ፊርማው በደረቀ በሳምንቱ አሥራ ዘጠኙም የስንብት ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ስብሰባ ክፍሉ እናመሰግናለን። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ መስኮቱም መንደርደሪያውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ወይም ያሳይ ነበር፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን የአውሮፕላን ድምፅ ውይይቱን እየረበሸ ነው ብለው አስዘጉት፣ መጋረጃውንም አስጋረዱት። የአየር መንገድ አለቃ በአውሮፕላን ድምፅ ሲረበሽ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ለዕውቀቴ መጨመር ባለውለታዬ ነዎት።

ሁለተኛ፣ በየኮሪደሩ ስለተለጠፈው «አንድ ቤተሰብ ነን» ስለሚለው ፖስተር። በድርድሩ መክፈቻ ላይም «ልጆቼ» ብለው ስለጠሩን ልባችን ተነክቶ ነበር፤ ከእኛ መካከል ሁለቱ በዕድሜ እንደሚበልጡዎት እንኳ ለማንሳት ድፍረቱን አላገኘንም። አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩኝ፤ በየትኛው ቤት ነው አባወራው ኑሮ ሲከብደው፣ ታላላቆቹን እራታቸውን ካስቀነሰ በኋላ፣ ታናናሾቹን በር ከፍቶ የሚያስወጣው? እኔም የቤተሰብ አባት ስለሆንኩ ዘዴውን ባውቀው አልጠላም፤ ባለቤቴ ግን ይህን ስነግራት «እዚህ ቤት ሞክራትና ማን እንደሚወጣ እናያለን» ብላለች።

ሦስተኛ፣ የደብዳቤዬ ዋና ጉዳይ ስለሆነው ስለ አንገትዎ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ሥራ አንድ የማይጣስ ልማድ አለ። የመቆጣጠሪያ ማማው «ይህን ያህል ከፍታ ያዙ፣ በዚህ አቅጣጫ ዙሩ» ሲለን፣ የሰማነውን ቃል በቃል ደግመን እንነግረዋለን። የደገምነው ስህተት ከሆነ ሰሚው ወዲያው ማረም ግዴታው ነው፤ ሰምቶ ካላረመን እንደተስማማን ቆጥረን፣ ከኋላችን የተቀመጠውን ሕዝብ ሁሉ ይዘን በዚያ ቃል እንበራለን። ይህ ነገር ከአጥንታችን ስለገባ ቤታችንም ድረስ አይለቀንም፤ የሱቅ ዕቃ ስንታዘዝ እንኳ ደግመን ካልተናገርን አንወጣም።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበራችን ተነስቶ እንዲሁ ደገመልዎ። ደመወዛችን እንደተቀነሰ፣ ዕረፍታችን እንደቀረ፣ በምትኩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም አብራሪ እንደማይቀነስ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሬዲዮ ጥርት አድርጎ ተናገረ። እርስዎም ራስዎን ነቀነቁ። ወደ ጎን አይደለም፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ያውም ደጋግመው። ከዚያም ውኃ ቀዱለት። እኛ ሞኞቹ፣ ሰሚው ካላረመ ነገሩ ያለቀ ነው ብለን ያደግን ሰዎች፣ «ይህ በጽሑፍ ይግባ» ማለት እንኳ ሳይታሰበን ፈረምን። ኋላ ሄደን ብንጠይቅ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ፣ ራስ መነቅነቅ በጥሞና ማዳመጥን እንጂ መስማማትን እንደማያመለክት አስረዱን። ይህንንም ሲያስረዱን ራሳቸውን ይነቀንቁ ስለነበር፣ በሚሉት ይስማሙ ወይም ራሳቸውን ያዳምጡ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

አራተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ስለደረሰበት ሰዓት። ከአሥራ ዘጠኙ አንዷ በቀኝ ወንበሬ ላይ የምትቀመጥ ረዳቴ ናት። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ ነፋሱም ከጎን ይገፋ ነበር፤ አውሮፕላኑን እንድታሳርፍ የፈቀድኩት ለእሷ ነው፤ አሳረፈችውም፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ማረፋችንን ሳያውቁ እንቅልፋቸውን እንደቀጠሉ አስተናጋጇ ነግራናለች። ሞተር ካጠፋን በኋላ ስልኳን ስትከፍት መልእክትዎ ደረሳት። አነበበችው። ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችና ከበረራ በኋላ የሚነበበውን የመዝጊያ ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበች፤ አንድም አልዘለለችም። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩን የሰጠችኝ። «ጋሼ፣ እናንተ ግን የተዋችሁትን ተዋችሁ አይደል?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ አብራሪ ከሥራ ሲወጣ ወንበር ብቻ አይደለም የሚያጣው። ካልበረረ ፈቃዱ ይቀዘቅዛል፣ እጁም ይረሳል፤ ዋና አብራሪ ለመሆን አንድ ፈተና የቀራት ልጅ ዛሬ ከወጣች፣ ነገር ሲሻሻል «ነይ ተመለሺ» ቢሏት እንኳ የምትመለሰው ከታች ነው። ቤቷ ውስጥ በእሷ በረራ የሚያድሩ እናትና ታናሽ ወንድም አሉ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑ አይደለም፤ ማዘንዎንማ በማስጠንቀቂያው የመጀመሪያ መስመር ላይ «በታላቅ ሐዘን» ብለው ገልጸዋል፤ ለአሥራ ዘጠኙም በአንድ ዓይነት ቃል።

አምስተኛውን ጽፌው ነበር። ባለቤቴ አንብባው፣ እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው አይጻፍም ስላለችኝ ቀድጄዋለሁ። ትሕትናዬም እዚያው ቅዳጁ ውስጥ ሳይሄድብኝ አልቀረም፤ ስለዚህ ልናገረው፦ ተናድጃለሁ። ገንዘቤን ስለተውኩ አይደለም፤ መልሱልኝም አልልም። የተናደድኩት «ወንበራችሁ አይነካም» ባልኳቸው ልጆች ፊት ቃሌን አሳጥፋችሁኝ፣ ለወንበራቸው ብዬ የከፈልኩትን ተቀብላችሁ ወንበራቸውንም ስለወሰዳችሁ ነው። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ማስጠንቀቂያው የሚያበቃው ረቡዕ ማታ ነው፤ ከዚያ በፊት የአሥራ ዘጠኙንም ማስጠንቀቂያ ይሰርዙ።

ምንጣፍዎ እንደ ወፈረ፣ መጋረጃዎ እንደ ተጋረደ፣ ጆሮዎም ከአውሮፕላን ድምፅ እንደ ተጠበቀ እንዲቆይ እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከዚያ ትንሽ ከሚበልጥ ንዴት ጋር፣

የእርስዎው ልጅ፣ በዕድሜ ግን ታላቅዎ፣
ባለ ወልጋዳው ወንበር ዋና አብራሪ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሐሙስ ጠዋት ስለ ወጪ ቅነሳ ንግግር ለማድረግ ወደ ውጭ የሚወስድዎ በረራ የእኔ ነው። በቀኝ ወንበር የተመደበችው ያችው ረዳቴ ነበረች። የድልድል ኃላፊው ምትክ ቢፈልግ የቀሩት ሁሉ የተፈቀደላቸውን የበረራ ሰዓት ጨርሰዋል፤ አውሮፕላን ደግሞ በአንድ አብራሪ አይነሳም። በረራው እንዳይቀርብዎ ብዬ እርስዎ ራስዎ እንዲቀመጡበት ላሳስብ አስቤ ነበር፤ ሥራው መጀመሪያ የሚጠይቀው የተባለውን ሰምቶ በድምፅ መድገም ነው። ነገር ግን ተውኩት፤ ራስ መነቅነቅ በሬዲዮ አይሰማም።