ለቁልቢ የተሳለው ጃንጥላ

ለምወድሽ እህቴ ለሄለን፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ኃይሉስ? ልጆቹስ? በጋውስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን። የጎረቤታችን የመይሙና ነገር ግን አሳዝኖኛል። ስኳሩ ብሶባት ከግራ እግሯ ሁለት ጣት ቆረጡላት። «ሦስቱን ትተውልኛል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጫማዬ ሰፋኝ እንጂ» እያለች ጠያቂውን ታስቃለች፤ ሰው ሲወጣላት ታለቅሳለች። ልጇ ፈይሩዝ ልታስታምማት ከእናንተው ከኦስሎ መጥታ ከርማ ነገ ትመለሳለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እሷ ናት። በስልክ እንዳልነግርሽ አባባ ከአጠገቤ አይጠፉም።

ሄሉ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አባባ በልጅሽ በሮቤል ምን ያህል እንደሚኮሩ ታውቂያለሽ። በዐሥራ አንድ ዓመቱ በረዶ መሐል ብስክሌት ይዞ የተነሣውን ፎቶ፣ በዐሥራ ሰባቱ የኖርዌይን ወጣቶች ቀድሞ ሜዳሊያ ያጠለቀበትን፣ ሁለቱንም ከገብርኤል ሥዕል ጎን ሰቅለዋቸዋል። ለመጣ ሁሉ «ጭኑ የኔ ነው፤ እኔ በቻይና ብስክሌት እስከ ሂርና ፖስታ ያመላለስኩ ሰው ነኝ» ይላሉ። የቤልጂየም ቡድን ሲወስደውማ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተወዳድሮ አንዴ ከቀደመ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ሊያስገቡ ተሳሉ።

በሚያዝያ ከትልልቆቹ ጋር በተወዳደረበት ዕለት አባባ የሳንባ ምች ጥሏቸው ነበር። አንቺ እያለቀስሽ ደውለሽ፣ እንደኛ ሰፈር ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ወድቆ ዳሌው መሰበሩን ነገርሽኝ። ስልኩን ስዘጋ ዓይናቸውን ገልጠው «ልጁስ?» አሉኝ። «ቀደመ፣ አባባ» አልኳቸው። እንዲያው ከአፌ አመለጠኝ። ሲሻላቸው እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ተሻላቸው፤ ግን ወዲያው ጃንጥላውን አሠሩ። ቀይ ከፋይ ነው፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፤ ከራስጌያቸው አቁመውታል። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልናገር? ቡድኑ እንዳሰናበተው፣ እሱም ብስክሌቱን ምድር ቤት ቆልፎበት ክፍሉን ዘግቶ እንደተኛ ስትነግሪኝ፣ እኔ ለአባባ «ልምምድ በዝቶበት ነው የማይደውለው» እያልኩ ውሸት በውሸት ላይ ደረብኩ። ለሐምሌ ዐሥራ ዘጠኙ ንግሥ በሚኒባሱ ቦታ ሳይቀር ይዘናል።

ባለፈው እሑድ ፈይሩዝ ልትጠይቃቸው ገባች። ደግ ልጅ ናት፤ እንደ ወጉ የታመመ ጠየቀች። «አባባ፣ የሮቤል ዳሌ ዳነለት? አላህ ያሽረው፤ እዚያ ሁላችንም ደንግጠን ነበር» አለቻቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ መግቢያ ጠፋኝ። አባባ «አሜን» ብለው መርቀው ሸኟት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «እኔን ዋሸሽኝ፣ ይሁን፤ ሽማግሌ ነኝ። ገብርኤልንም በእኔ እጅ ልትዋሺው ነበር?» አሉኝ። ይኸው አራት ቀን ሆነ፣ አያጫውቱኝም። የሰጠኋቸውን ይበላሉ፤ እንደ እንግዳ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኛል።

እህቴ፣ ሮቤል አንድ ጊዜ ይደውልላቸው። አማርኛው ቢሰባበርም ግድ የለም። መውደቁን ራሱ ይንገራቸው። ውሸቱን ከእኔ አፍ ሰሙ፤ እውነቱን እንኳ ከእሱ ይስሙ።

ኃይሉን ሰላም በዪልኝ፤ ወገቡን ይጠንቀቅ። ዮዲን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝ ሻርፕ አንገቴ ላይ ነው። ሮቤልን በሩን ከከፈተልሽ ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አክስትህ አልተቀየመችህም በዪው።

ላሽገው ስል ተስፋዓለም መጣ፤ የቁልቢ ተጓዦችን ስም የሚመዘግበው እሱ ነው። «አባባ፣ ነገ ነው መነሻችን፤ ጃንጥላውን ከላይ እንሰረው?» አላቸው። «ስሜን ሰርዝ፤ ስለቴ አልደረሰም» አሉት። ደንግጦ «ታዲያ ጃንጥላው?» ሲላቸው፣ «ይቆይ። ልጁ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፣ ጊዜ አለው። የሌለኝ እኔ ነኝ። የቀደመ ዕለት እሷ ታስገባዋለች» ብለው በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ። ስሜን አልጠሩም።

እህትሽ ሙሉመቤት
ጭሮ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.