ታሽከንት ላይ በጾም የት ይበላል

ውድ ይርጉ፣

...ሦስተኛው ምድጃ፣ ሰማያዊ በር ያለው። ፀዲ ይህን ስትል የያዝኩትን የወረቀት ሳህን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ባለፈው እሑድ ነው፤ ሬኒየር ቢች ባለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ። አየር መንገድ ስለምትሠራ በየጊዜው አንድ አገር አይታ ትመጣለች። ሰው ከቧታል። እኔ ጓደኛዋ ስለሆንኩ ዳር ቆሜያለሁ።

"ታሽከንት የት ነው?" አሉ እማማ ጥሩዬ።

"ኡዝቤኪስታን ነው እማማ፣ ከራሽያ ወደ ታች።"

"የበግ አገር ነው ይባላል። በሰኔ ጾም ምን በላሽ ታዲያ?"

"ሶ፣ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ግን የዱባ ሳምሳ አለ፤ በኛ ሳንቡሳ በሉት። ከገበያው ጉልላት ጀርባ፣ ሦስተኛው ምድጃ፣ ሰማያዊ በር ያለው። ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ነው፤ ዱባው ቶሎ ያልቃል።"

"አሁን ይሄ ጾም ነው ሽርሽር?" አሉ እማማ ጥሩዬ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ቃሉ የኔ ነበር። እያንዳንዱ።

መጋቢት ላይ፣ ቤልቪው ያለው መሥሪያ ቤትህ በሰኔ መጨረሻ ታሽከንት እንደሚልክህ ነግረኸኝ፣ "አብረን ነው የምንሄደው" አልከኝ። ጾም ላይ ይውላል ብዬ ሰጋሁ። "እንግዲያው የሚበላበትን አንቺ ፈልጊ" አልክ። ፈለግሁ። የመንገደኞችን ቪዲዮ እያቆምኩ ምድጃ ቆጠርኩ። የካሮት ሰላጣ የምትሸጠዋን ሴትዮ ከነሻርፗ አወቅኋት። ዳቦውን ገልብጦ ማስቀመጥ ነውር ነው ብዬ ጻፍኩ። ፕሎቭ የሚሉትን የሥጋ ሩዝ "ጾሙ ሲፈታ" ብዬ ለብቻው አኖርኩት፤ ከቀትር በኋላ ስለማይገኝ፣ በመጨረሻው ቀን በጊዜ እንድንሄድ። ሁለታችንን ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ከደብተሬም አንድ ቅጂ ለአንተ ሰጠሁህ።

ከዚያ ጉዞው ተሰረዘ አልክ። በምትኩ ለሥልጠና ዴንቨር፣ አሥር ቀን። በየቀኑ ኮል አደረግክ። "ምን በላህ?" ስልህ "ሽሮ" አልከኝ።

ከኢንተርኔት አግኝታው ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ሞከርኩ። ነገር ግን ዱባው አለ። አንተ ጉዞው ቀረ ካልከኝ በኋላ፣ ፋርማሲው ውስጥ አብራኝ ለምትሠራው ለዲልኖዛ፣ ለታሽከንቷ ልጅ፣ ዝርዝሩን አነበብኩላት። ዱባው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

"ያ ምድጃ? እሱ እኮ የበግ ላት ይጨምርበታል። አክስቴ እዚያ ትገዛለች።"

ከደብተሬ ሰረዝኩት። አንተ ዘንድ ያለውን አላረምኩም፤ ለቀረ መንገድ ዝርዝር የሚያርም ማን አለ። ስለዚህ ያ ስሕተት ያለበት ወረቀት በዓለም ላይ አንድ ነው። አንተ ጋ ነው። ፀዲ ደግሞ ስሕተቱን በልታ መጣች።

ላት መብላቷን አልነገርኳትም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጾማችሁን ያስፈታሁት እኔ ነኝ፤ በእጅ ጽሑፌ። ከመከዳቴ ይልቅ ይህ ለምን ሦስት ቀን እንቅልፍ እንደነሳኝ ልታስረዳኝ ትችል ይሆን? አትችልም። ሥራ ቦታ የሰው መድኃኒት እየቆጠርኩ ያቺን ሳምሳ ለሁለት ስትቆርሷት አያለሁ። ትልቁን ለማን ሰጠህ? ለኔ ሁልጊዜ ትልቁን ትሰጠኝ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቡሪየን፣ አጎቴ ቤት ነኝ። ሽማግሌዎችህ በስምንት ሰዓት ይመጣሉ። ማወቄን አታውቅም። ትናንት "ነጭ ሸሚዝ ልልበስ ሰማያዊ? ምንም እንኳ እኔ ባልመጣም" ብለህ ጻፍክልኝ። መልስ ስላልሰጠሁህ የተጨነቅኩ መስሎህ ይሆናል።

አጎቴ ጋሽ ወልደጻድቅ ክራባት አስረው ሁለት ጊዜ ወደ ክፍሉ ገቡ።

"ኖላ፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ምን ልበላቸው?"

"እርስዎ የሚባለውን ያውቃሉ ጋሼ።"

"እኔ የማውቀው 'ተቀመጡ' ማለት ነው። ሽማግሌ ይሁንታ ካላገኘ አይቀመጥም። ከተቀመጠ ግን ልጅቷን ሰጥቻለሁ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ የለም።"

ያኔ ነገርኳቸው። ስለ ፀዲ፣ ስለ ዴንቨር፣ ስለ ዱባው።

"ላት?" አሉ በመጨረሻ።

"ላት።"

ክራባታቸውን ትንሽ አላሉትና ወጡ። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም እኔን አልጠየቁኝም።

ዝርዝሩን አትመልስልኝ። ፕሎቩም ጥሩ እንደነበር እንዳትነግረኝ። ደህና ሁን።

ኖላዊት

ፈርሜ ነበር። መኪና ፓርክ ሲያደርግ ሰማሁ። በመጋረጃው ሦስት ሰዎች ይታያሉ፤ አንደኛው ነጠላውን ያስተካክላል። ደወሉ ተደወለ፣ አጎቴ ከፈቱ። ጤና ይስጥልኝ ተባባሉ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። ተቀመጡ ሲሉ አልሰማሁም።

በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ተነሥቶ ሄደ።