ለሰር ኦስበርት፦ ስለ አስራትዎና ስለ መቅደሱ ጣሪያ

ለተከበሩ ሰር ኦስበርት፣ የሆክስቢ አስራት ወራሽ፣

ጌታዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? ኧረ በፈጠረዎት፣ በዚህ ጊዜ እንኳ ይመኑኝ፣ የዛሬው ጉጉት አይደለም! ባለፈው የመቅደሱ ጣሪያ ያቃስታል ብዬ ስደውልልዎ ጉጉት ሆና ተገኘች፤ እርስዎም «ሰላም በይልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ሰላምታዎን አድርሻለሁ። ዛሬ ግን ወለሉን ስጠርግ አቧራ ከላይ ወረደብኝ፣ ቀና ስል ጣሪያውን የተሸከመው ትልቁ ወራጅ እንጨት ተሰንጥቋል፣ እጅ ያስገባል! ስልኬን ስለማያነሱልኝ ይህን በቤተ ክርስቲያኑ በር ለጥፌዋለሁ፣ አገር አንብቦ ያድርስልዎ።

አንደኛ፣ ቤተሰብዎን ላመስግን። ጥንት ንጉሡ ገዳሙን ዘግተው ለገዳሙ የምንከፍለውን አስራት ለቅድመ አያትዎ ሲሸጡላቸው፣ ቄስ ሳይሆኑ፣ አንድ ቀን ሳይቀድሱ፣ ከአስር ነዶ አንዱን፣ ከአስር አሳማ አንዱን መሰብሰብ ምንኛ አደከማቸው! የመቅደሱን ጣሪያ ማደስም ከአስራቱ ጋር አብሮ የመጣ ግዴታ ነው። አሳማው ተበልቶ አለቀ፣ አስራት መክፈሉም ቀረ፣ ጣሪያው ግን ዛሬም የእርስዎ ነው። ጣሪያ አይበላማ!

ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ የመከር ምስጋና አለ። መዘምራኑ የሚቆሙት እዚያው ስንጥቁ ሥር ነው፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ዶሪንም መሐላቸው ናት። ዛሬስ ቅሪ ብላት፦ «ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ ፈሪ! ስንት ዘመን ያልወደቀ እኔ ስዘምር ሊወድቅ?» ቄስ ትሬቨርን መቅደሱን ዝጉት ብላቸው ደግሞ፦ «ልጄ፣ ከመቅደሱ መግቢያ ቅስት ወዲህ የኛ ነው፣ ከቅስቱ ወዲያ የሰር ኦስበርት። በሰው ቤት እንዴት ልዘዝ? እሳቸው ዝጉት ይበሉኝ፣ አሁኑኑ እቆልፈዋለሁ።»

ሦስተኛ… ሦስተኛውን ከድንጋጤዬ ረሳሁት። ደግሞ ሰማሁት፣ ቋ አለ!

ወጪ አልጠየቅንዎትም፣ ጌታዬ። «ዝጉት» የምትል አንዲት ቃል ብቻ።

ከጣሪያዎ ሥር የምጠርግ፣ እስካሁን በሕይወት ያለሁ አክባሪዎ፣
ጄማ ታስከር

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የመቅደሱ የክብር ወንበርዎ ልክ ከስንጥቁ ሥር ነው፣ ትራሱን አራግፌልዎታለሁ። ስልክ ማንሳት ከከበደዎ መጥተው አክስቴ አጠገብ ይቀመጡ። ወራጁ ከወረደም አያስቡ፣ ከአስር ስንጥር አንዱ የእርስዎ ነው፣ አንክድዎትም። መምጣቱ ካልተመቸዎ ግን እኔ ይህን ለጥፌ ቄሱ ቤት ስልኩ አጠገብ እቆማለሁ፤ ኧረ ጌታዬ፣ ሳይመሽ ይደውሉልኝ።